መልስን በተገላቢጦሽ ስሌት ማመሳከር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተማሪ ሂሳብ ሰርቶ ደብተሩን ሲያመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ልክ ነኝ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ራሱ መመለስ እንደሚችል ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም። አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም። የሚያውቃቸው አራቱ ስሌቶች ይበቁታል፤ በተገላቢጦሽ መጠቀምን መልመድ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ከታች ያሉት ተማሪዎችና ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ቀላሎቹን ቶሎ አልፋቸዋለሁ፤ ልጆች የሚደናቀፉባቸው ላይ ቆም እላለሁ።

ተገላቢጦሽ ስሌት ማለት ምን ማለት ነው?

አንዱ ስሌት የሰራውን ሌላው የሚመልሰው ከሆነ ሁለቱ ተገላቢጦሽ ናቸው። 8 ላይ 5 ስንደምር 13 ይሆናል። ከ13 ላይ 5 ስንቀንስ ተመልሰን 8 ላይ እናርፋለን። ስለዚህ መደመርና መቀነስ ተገላቢጦሽ ናቸው። ማባዛትና ማካፈልም እንደዚሁ ናቸው፦ 6 በ7 ሲባዛ 42 ነው፣ 42 ለ7 ሲካፈል ደግሞ 6 ነው።

ማመሳከር የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። መልሱ ትክክል ከሆነ ወደ ኋላ ስንመለስ የተነሳንበትን ቁጥር እናገኛለን። ካላገኘን የሆነ ቦታ ስህተት አለ።

ያንኑ ሂሳብ ሁለተኛ ጊዜ ብሰራው አይበቃም?

አይበቃም። የዚህ ሁሉ ጉዳይ እምብርት ይህ ስለሆነ በደንብ እንየው።

አንድ ልጅ 52 − 27 ተሰጠው እንበል። የአንድ ቤቱን አየ፤ 2 እና 7 አሉ። ከ2 ላይ 7 አይቀነስም፣ ስለዚህ ገልብጦ 7 − 2 = 5 አለ። ወደ አስር ቤት ሄደ፤ 5 − 2 = 3። መልሱን 35 ብሎ ጻፈ። አሁን «እስቲ ድገመው» ብትሉት ምን ይሆናል? 7 − 2 አሁንም 5 ነው፣ 5 − 2 አሁንም 3 ነው። እንደገና 35 ያመጣና «አረጋግጫለሁ» ይላችኋል። ልጁ አልዋሸም፣ አልሰነፈምም። በዚያው መንገድ ስለሄደ እዚያው ደረሰ።

በተገላቢጦሽ ቢሄድስ? 35 + 27 ይደምራል። 5 እና 7፣ 12። 2 ጽፎ 1 ይይዛል። 3 እና 2፣ 5፤ የተያዘው 1 ሲጨመር 6። 62 መጣ። ጥያቄው ላይ ያለው 52 ነው። ማንም ሳይነግረው ስህተት መኖሩን አወቀ። በመደመር ጊዜ የመገልበጥ ነገር ስለሌለ የመጀመሪያው ስህተት የሚደገምበት ቦታ አጣ።

ሌላም ምክንያት አለ። አንድን ሂሳብ ስንደግም መልሱን አስቀድመን እናውቀዋለን። ዓይናችን የጠበቀውን ያያል። በተገላቢጦሽ ስንሄድ ግን የምንጽፋቸው አሃዞች ሌሎች ስለሆኑ ሳንወድ በግድ እንነቃለን።

መቀነስን እንዴት ነው የማመሳክረው?

መልሱን ከቀነስነው ቁጥር ጋር እንደምራለን። ድምሩ መጀመሪያ ከነበረው ትልቁ ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት።

ዜሮ የበዛባቸው ቁጥሮች ሲመጡ ይህን በጭራሽ አትዝለሉት። 5003 − 1876ን እንውሰድ። እዚህ መበደር አለ፤ የአስር ቤቱ ዜሮ፣ የመቶ ቤቱም ዜሮ ስለሆነ እስከ ሺህ ቤት መሄድ ግድ ነው። ትክክለኛው መልስ 3127 ነው። ማመሳከሪያው ይኸው፦ 7 እና 6፣ 13፤ 3 ጽፈን 1 እንይዛለን። 2 እና 7 እና የተያዘው 1፣ 10፤ 0 ጽፈን 1 እንይዛለን። 1 እና 8 እና 1፣ 10፤ 0 ጽፈን 1 እንይዛለን። 3 እና 1 እና 1፣ 5። 5003 ተመልሶ መጣ።

ሁለቱ ዜሮዎች ተመልሰው ሲመጡ ማየት ለልጅ ደስ ይላል። እኔም አሁንም ድረስ ደስ ይለኛል።

መቀነስን በመቀነስም ማመሳከር ይቻላል። 5003 − 3127 ብንሰራ 1876 መምጣት አለበት። ነገር ግን ይህ መንገድ በዚያው በሚያስቸግረው የመበደር ሥራ ውስጥ መልሶ ያስገባናል። ስለዚህ እኔ መደመሩን እመርጣለሁ።

መደመርንስ?

ከድምሩ ላይ አንዱን ተደማሪ ስንቀንስ ሌላው ይወጣል። 468 + 375 = 843። 843 − 375 = 468። ገጠመ።

ተደማሪዎቹ ከሁለት በላይ ከሆኑ አንድ በአንድ እንቀንሳለን። 286 + 457 + 139 = 882 ካልን፣ 882 − 139 = 743፣ ከዚያ 743 − 457 = 286። የቀረን የመጀመሪያው ቁጥር ነው።

ተደማሪዎቹ አሥርና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን ይህ አድካሚ ነው። ያኔ ከታች ወደ ላይ መደመር ይሻላል። ይህ ተገላቢጦሽ ስሌት አይደለም፤ ቢሆንም ቁጥሮቹ በሌላ ቅደም ተከተል ስለሚገናኙ ከመደጋገም ይሻላል።

ማባዛትን በማካፈል ማመሳከር ከማባዛቱ አይከብድም?

ይከብዳል፣ አልደብቃችሁም። በተለይ ማካፈል ገና ያልጠነከረ ልጅ ማመሳከሪያው ላይ ይሳሳትና ትክክለኛ መልሱን ይሰርዛል። ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ቁጥሮቹን አቀያይሮ ማባዛት (47 × 36ን 36 × 47 ብሎ) ለጊዜው ይበቃል።

ማካፈሉን ለለመደ ግን ተገላቢጦሹ በጣም ጠንካራ ነው። 47 × 36 = 1692። 1692ን ለ36 እናካፍል። 36 በ40 ሲባዛ 1440፤ ከ1692 ላይ ሲቀነስ 252 ይቀራል። 36 በ7 ሲባዛ 252። ድርሻው 47፣ ቀሪው ዜሮ። ጥያቄው ላይ ያለው ቁጥር ይኸው።

በጣም የተለመደውን ስህተት ደግሞ እንይ። ልጁ 47 × 6 = 282 አለ፣ ልክ ነው። ቀጥሎ 47 × 3 = 141 አለና አንድ ቤት ወደ ግራ ሳያስጠጋ በቀጥታ ከ282 ሥር ጻፈው። ድምሩ 423 ሆነ። 3ቱ 30 መሆኑን ረስቷል። 423 ለ36 ሲካፈል ድርሻው 11 ሆኖ 27 ይቀራል። ከዚህ በላይ መቀጠል አያስፈልግም። ሁለት ሙሉ ቁጥሮችን አባዝተን ያገኘነው ብዜት ከሁለቱ ለአንዱ ሲካፈል ቀሪ ሊኖረው አይችልም። ቀሪ ከታየ ስህተት አለ ማለት ነው።

ማካፈል ቀሪ ሲኖረው ምን ይደረጋል?

ድርሻውን በአካፋዩ አባዙ፣ ቀሪውን ደምሩ። ተካፋዩ መምጣት አለበት።

1529 ለ24 ሲካፈል ድርሻው 63፣ ቀሪው 17 ነው። 63 × 24 = 1512፣ 1512 + 17 = 1529። ጨረስን።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አንድ ልጅ ድርሻው 62፣ ቀሪው 41 ነው ቢልስ? 62 × 24 = 1488፣ 1488 + 41 = 1529። ማመሳከሪያው ገጠመ! መልሱ ግን የተሟላ አይደለም፤ 41 ውስጥ አንድ ተጨማሪ 24 አለ። ስለዚህ የማካፈል ማመሳከሪያ ሁለት ፍተሻ አለው። አንደኛው ወደ ተካፋዩ መመለሱ ነው። ሁለተኛው ቀሪው ከአካፋዩ ማነሱ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ረጅም ማካፈል ላይ ድርሻው መሃል ያለ ዜሮም ይጠፋል። 6324 ለ31 ሲካፈል 204 ነው። ልጆች ግን 24 ብለው የሚጽፉበት ጊዜ ብዙ ነው፤ 12ን ለ31 ማካፈል «አይሆንም» ብለው ዜሮውን ሳይጽፉ ወደሚቀጥለው አሃዝ ያልፋሉ። 24 × 31 = 744። ከ6324 ጋር ምንም አይገናኝም። ለመያዝ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ማመሳከሪያው አልገጠመም። አሁን ሁሉንም ልሰርዝ?

አትሰርዙ! ላጲሱን አስቀምጡት። ያልገጠመ ማመሳከሪያ ስህተት መኖሩን ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ስህተቱ የት እንዳለም ይጠቁማል። ሁሉንም አጥፍቶ ከዜሮ የሚጀምር ልጅ ይህን ፍንጭ ይጥለዋል።

መጀመሪያ ማመሳከሪያውን ራሱን አንዴ እዩት፤ የተሳሳተው እሱ ሊሆን ይችላል። ልክ ከሆነ፣ በመጣው ቁጥርና መምጣት በነበረበት ቁጥር መካከል ያለውን ልዩነት አውጡ።

በ5003 − 1876 ላይ ልጁ 3227 ብሎ ነበር እንበል። 3227 + 1876 = 5103። መምጣት የነበረበት 5003 ነው። ልዩነቱ 100 ነው። ልዩነቱ በትክክል 100 ከሆነ ቀድሞ መታየት ያለበት የመቶ ቤት ነው። እዚያ ስንሄድ ተበድሮ 9 የቀረውን ዜሮ 10 ብሎ እንደተጠቀመበት እናገኛለን። አንድ አሃዝ ተስተካከለ፣ ሌላው ሥራ በሙሉ ደህና ነው።

468 + 375 ላይ 733 ያለ ልጅ ደግሞ ሲያመሳክር 733 − 375 = 358 ያገኛል። ከ468 ጋር ያለው ልዩነት 110 ነው። አንድ 100ና አንድ 10። ወደ አስር ቤትና ወደ መቶ ቤት መያዝ የነበረባቸውን ሁለቱንም ረስቷል። ልዩነቱ ይህን ቁልጭ አድርጎ ይናገራል።

ሌላ ጠቃሚ ምልክት አለ። በመደመርና በመቀነስ ላይ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ሁለት አሃዞች ተቀያይረው ተጽፈው ሊሆን ይችላል። 843 ብሎ መጻፍ ሲገባ 834 ቢጻፍ ልዩነቱ 9 ነው። 483 ቢጻፍ ልዩነቱ 360 ነው፤ እሱም 9 × 40 ነው። ሁልጊዜ መንስኤው ይህ ነው ማለት አይደለም፤ ግን ፍለጋውን ከዚያ መጀመር ጊዜ ይቆጥባል። ሂሳብ መዝገብ የሚይዙ ሰዎችም የማይገጥም ድምር ሲያጋጥማቸው ይህን ምልክት ይጠቀማሉ።

ማመሳከሪያው ከገጠመ መልሱ በእርግጠኝነት ትክክል ነው?

ስሌቱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። መልሱ ትክክል መሆኑ ግን ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱን በምሳሌ ላሳይ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ 84 ሜትር ገመድ እያንዳንዱ 6 ሜትር ሆኖ ቢቆረጥ ስንት ቁራጭ ይወጣዋል? ልጁ ሁለት ቁጥር አየና አባዛ፤ 84 × 6 = 504። አመሳከረ፤ 504 ÷ 6 = 84። ገጠመ። መልሱ ግን ከእውነት በጣም የራቀ ነው፤ መካፈል ነበረበት። ማመሳከሪያው የፈተሸው ማባዛቱን እንጂ ማባዛት ተገቢ መሆኑን አይደለም።

ለዚህ መድኃኒቱ መልሱን ወደ ታሪኩ መመለስ ነው። 504 ቁራጭ እያንዳንዱ 6 ሜትር ከሆነ ገመዱ 3024 ሜትር ሊሆን ነው። 84 ሜትር ነበር የተባለው። 14 ቁራጭ እያንዳንዱ 6 ሜትር ሲሆን ግን 84 ሜትር ይመጣል። የቃላት ፕሮብሌም ላይ ሁልጊዜ እስከ ታሪኩ ድረስ ተመለሱ።

ጥያቄውን ወደ ደብተር ሲገለብጡ መሳሳትም አለ። 345ን 354 ብሎ የጻፈ ልጅ ከዚያ በኋላ ሁሉን በትክክል ሰርቶ በትክክል ያመሳክራል። ስለዚህ የተመለሰውን ቁጥር ማወዳደር ያለብን ደብተሩ ላይ ካለው ጋር ሳይሆን መጽሐፉ ወይም የፈተናው ወረቀት ላይ ካለው ጋር ነው። ይህችን ትንሽ ልማድ አደራ እላለሁ።

ሦስተኛው ስውር ነው። 7 × 8 = 54 ብሎ በቃሉ የያዘ ልጅ በማባዛቱም በማካፈሉም ያንኑ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ማመሳከሪያው ይገጥምለታል። እንዲህ ዓይነቱን ስህተት የሚያጋልጠው ሌላ መንገድ ነው። 7ን እጥፍ 14፣ እንደገና እጥፍ 28፣ እንደገና እጥፍ 56። ስምንት ጊዜ 7 ማለት ይኸው ነው። አንድ ልጅ ደጋግሞ «አመሳክሬ ነበር እኮ» እያለ የሚሳሳት ከሆነ የማባዣ ሰንጠረዡን መፈተሽ ተገቢ ነው።

ግምት ካወጣሁ ተገላቢጦሹ ለምን ያስፈልገኛል?

ሥራቸው ይለያያል። ግምት ትልቅ ስህተትን ይይዛል። 47ን 50፣ 36ን 40 ብናደርግ ብዜቱ 2000 አካባቢ ነው። 423 ያለ ልጅ ወዲያው ይደነግጣል። 1682 ያለው ግን አይደነግጥም፤ ከ2000 ብዙም አልራቀም። እሱን የሚይዘው ተገላቢጦሹ ነው፤ 1682 ለ36 ሲካፈል 46 ደርሶ 26 ይቀራል። ከመስራታችሁ በፊት ገምቱ፣ ከሰራችሁ በኋላ አመሳክሩ።

«በዘጠኝ መፈተሽ» የሚባለው ዘዴስ?

ጥሩ ዘዴ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ፊቦናቺ በሚል ስም የሚታወቀው የፒሳው ሊዮናርዶ እ.ኤ.አ. በ1202 በጻፈው የሂሳብ መጽሐፍ ውስጥ አስተምሮታል።

አሰራሩ እንዲህ ነው። የእያንዳንዱን ቁጥር አሃዞች አንድ አሃዝ እስኪቀር ድረስ እንደምራለን። 58 × 23 = 1334 ይሁን። 5 + 8 = 13፣ 1 + 3 = 4። 2 + 3 = 5። 4 × 5 = 20፣ 2 + 0 = 2። ከብዜቱ ደግሞ 1 + 3 + 3 + 4 = 11፣ 1 + 1 = 2። ሁለቱም 2 ስለሆኑ ገጠመ።

ድክመቱ ግን ግልጽ ነው። መልሱን 1343 ብለን ብንጽፍ የአሃዞቹ ድምር አይለወጥም፤ ፈተናውን ያልፋል። ማካፈል ግን አያሳልፈውም፤ 1343 ለ23 ሲካፈል 58 ደርሶ 9 ይቀራል። ስለዚህ በዘጠኝ መፈተሽ ፈጣን ማጣሪያ ነው እንጂ ተገላቢጦሹን አይተካም።

ክፍልፋይና አስርዮሽ ላይ ይሰራል?

ይሰራል፤ እንዲያውም እዚያ ላይ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው።

3/4 − 1/3 = 5/12። ሲመሳከር 5/12 + 4/12 = 9/12፣ ሲቃለል 3/4። 2/3 ለ4/5 ሲካፈል 5/6 ነው። ሲመሳከር 5/6 × 4/5 = 20/30፣ ሲቃለል 2/3። ማቃለልን አትርሱ። 9/12 አይቶ «3/4 አይደለም፣ ተሳስቻለሁ» ብሎ ትክክለኛ መልሱን የሚሰርዝ ልጅ አለ።

አስርዮሽ ላይ ትልቁ ጣጣ የነጥቡ ቦታ ነው። 4.8 ÷ 0.6 ስንት ነው? መልሱ 8 ነው። 0.8 ብሎ የጻፈ ተማሪ ሲያመሳክር 0.8 × 0.6 = 0.48 ያገኛል፤ ነጥቡ አንድ ቤት መሳቱን ያያል። በመቀነስም 7.2 − 3.85 ላይ 5ቱን ዝም ብሎ ወደ ታች አውርዶ 3.45 የሚል አለ። 3.45 + 3.85 = 7.30። ትክክለኛው 3.35 ነው፤ ሲደመር 7.20 ይመጣል።

10 ÷ 3 = 3.33 አልኩ፤ ስመልሰው 9.99 መጣ። ተሳስቻለሁ?

አልተሳሳታችሁም፣ አጠጋግታችኋል። የተጠጋጋ መልስ ሲመለስ ትንሽ ይጎድላል ወይም ይተርፋል። 10/3 ብላችሁ በክፍልፋይ ከተዋችሁት በ3 ሲባዛ ልክ 10 ይመጣል።

ዜሮ ለምን ያስቸግራል?

8 × 0 = 0 ነው። ይህን በማካፈል ለመመለስ ከሞከርን 0 ÷ 0 ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ትርጉም የለውም። ማንኛውም ቁጥር በዜሮ ሲባዛ ዜሮ ስለሆነ ከየትኛው ቁጥር እንደተነሳን ማወቂያ የለም። በዜሮ ማባዛት ተገላቢጦሽ የለውም፤ ለዜሮ ማካፈል የማይቻለውም ለዚሁ ነው።

በ20 ፐርሰንት ጨምሬ በ20 ፐርሰንት ብቀንስ ወደ መጀመሪያው ለምን አልመለስም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ትልልቅ ተማሪዎችንም ያሳስታል። 250 በ20 ፐርሰንት ሲጨምር 300 ይሆናል። 300 በ20 ፐርሰንት ሲቀንስ ግን 240 ነው። የመጀመሪያው 20 ፐርሰንት የ250 ነበር፣ 50። ሁለተኛው የ300 ነው፣ 60። ተመሳሳይ ስም ይዘው የተለያየ መጠን ናቸው።

በ20 ፐርሰንት መጨመር ማለት በ1.2 ማባዛት ነው። ተገላቢጦሹም ለ1.2 ማካፈል ነው፤ 300 ÷ 1.2 = 250። ፐርሰንት ባለበት ጥያቄ ላይ በምን እንዳባዛችሁ መጀመሪያ ጻፉ። ከዚያ መመለሱ ቀላል ነው።

ስሌቱ ብዙ እርምጃ ሲኖረው ከየቱ ልጀምር?

ከመጨረሻው። አንድ ቁጥር በ4 ተባዝቶ 7 ተደመረበትና 31 ሆነ። መጀመሪያ 7ን እንቀንሳለን፣ 24። ከዚያ ለ4 እናካፍላለን፣ 6። በመጨረሻ የታሰረ ቋጠሮ ቀድሞ ይፈታል። ቅደም ተከተሉን ሳይገለብጡ 31ን መጀመሪያ ለ4 ማካፈል ወደ 6 አያደርስም። እኩልታ መፍታትም ከዚሁ ሌላ አይደለም። ታች ክፍል ማመሳከርን የለመደ ልጅ እኩልታ ላይ ሲደርስ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

አሉታዊ ቁጥርና ስኩዌር ላይስ?

አሉታዊ ቁጥር ላይ ምንም አይለወጥም። −3 − (−8) = 5፤ ሲመሳከር 5 + (−8) = −3።

ስኩዌር ላይ ጥንቃቄ አለ። 17 በራሱ ሲባዛ 289፣ የ289 ስኩዌር ሩት 17። ግን −5 በራሱ ሲባዛ 25 ነው፣ የ25 ስኩዌር ሩት ደግሞ 5 ነው እንጂ −5 አይደለም። ምልክቱ በመንገድ ላይ ስለጠፋ ወደ አሉታዊው መመለስ አልተቻለም።

ካልኩሌተር ከተጠቀምኩ ማመሳከር ያስፈልጋል?

አዎ። ካልኩሌተር ባይሳሳትም ጣት ይሳሳታል። 389 × 64 ልትሰሩ ፈልጋችሁ 398 ብትነኩ 25472 ይመጣል። ያንን ለ64 ስታካፍሉ 398 ይወጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው 389 ነው። ትክክለኛው መልስ 24896 ነው።

ፈተና ላይ ሁሉንም ለማመሳከር ጊዜ አይበቃም። የትኞቹን ልምረጥ?

ዜሮ ያለበትን መቀነስ፣ ረጅም ማካፈልና ነጥብ ያለበትን ስሌት አስቀድሙ። ቀላል መደመርን መጨረሻ ላይ ተዉት። በተጨማሪ፣ ስትሰሩ ያቅማማችሁባቸው ጥያቄዎች አጠገብ ትንሽ ነጥብ አድርጋችሁ እለፉ። ጊዜ ሲተርፍ በቀጥታ ወደ እነሱ ትመለሳላችሁ።

ምርጫ ባለበት ጥያቄ ደግሞ ተገላቢጦሹ ጊዜ ይቆጥባል። ረጅም ማካፈል ተሰጥቷችሁ አራት ምርጫ ካለ፣ ምርጫዎቹን በአካፋዩ እያባዙ መሞከር ከማካፈሉ ሊፈጥን ይችላል። ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን አሃዝ ማየት ብቻ ሁለቱን ምርጫዎች ይጥላል።

ከስንት ዓመት ጀምሮ ላስተምረው?

ልጁ እስከ 20 መደመርና መቀነስ ሲጀምር። 8፣ 5 እና 13ን አንድ ቤተሰብ አድርጋችሁ አሳዩት፦ 8 + 5 = 13፣ 5 + 8 = 13፣ 13 − 5 = 8፣ 13 − 8 = 5። ሦስት ቁጥር፣ አራት ዓረፍተ ነገር። በጠጠር ወይም በእርሳስ እየጨመራችሁና እየወሰዳችሁ ብታሳዩት ይበልጥ ይገባዋል። «ተገላቢጦሽ» የሚለው ስም በኋላ ይደርሳል።

ልጄ ማመሳከር ይሰለቻል፤ ሥራ እጥፍ የሆነበት ይመስለዋል። ምን ላድርግ?

እውነቱን ነው፤ ሥራ ይጨምራል። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ቀንሱለት። አሥር ሰርቶ ካላመሳከረ ልጅ አምስት ሰርቶ አምስቱንም ያመሳከረ የበለጠ ተምሯል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛ፣ ሥራውን ስታዩ «ተሳስተሃል» ከማለት «እንዴት አወቅህ?» በሉት። ትክክል ሲሆንም ይህንኑ ጠይቁት። ሲሳሳት ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ ጥያቄው ራሱ «ተሳስተሃል» ማለት ይሆንበታል።

ሦስተኛ፣ የተሰሩ አምስት ሂሳቦች ስጡትና «ሁለቱ ስህተት ናቸው፣ ፈልጋቸው» በሉት። የራሱን ሥራ መፈተሽ የሚጠላ ልጅ የሌላውን ስህተት ለማደን ይሽቀዳደማል። ስህተቶቹን ስታዘጋጁ ከላይ ያየናቸውን ዓይነቶች ተጠቀሙ፦ የተገለበጠ መቀነስ፣ የተረሳ መያዝ፣ ያልተጠጋ ብዜት፣ የጠፋ ዜሮ። ካገኘው በኋላ ያ ልጅ ምን አስቦ እንደተሳሳተ ያስረዳችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ነገር ትሰማላችሁ፤ አንዳንዱ የራሱ የቆየ ስህተት ይሆናል።

ማመሳከሪያውን መጻፍ ግድ ነው ወይስ በጭንቅላት ይበቃል?

ትንንሽ ቁጥሮች በጭንቅላት ይበቃሉ። ባለ ሦስት አሃዝና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ይጻፉ። ከገጹ በቀኝ በኩል መስመር አስምሩና ቦታ ለዩለት።

ሲሰራ የመጀመሪያው ጥያቄ በእጅ ወይም በወረቀት ይሸፈን። ካልተሸፈነ ልጁ የሚፈለገውን ቁጥር አይቶ ሳይሰራ ይገለብጠዋል፤ ደብተሩ ላይ ሁሉም ያመረ ይመስላል፣ የተፈተሸ ነገር ግን የለም። ማመሳከሪያውን ጨርሶ ቁጥሩን ከጻፈ በኋላ እጁን ያንሳና ያወዳድር። ከገጠመ ትንሽ ምልክት ያድርግ፣ ካልገጠመ ልዩነቱን አጠገቡ ይጻፍ።